ውታፍ ነቃዩ

ቁልፍ ሠሪውን የሰፈሩ ሰው በሙያው አይጠራውም፤ «እስቲ ልየው» ይለዋል። ስሙን ያወጣለት ሌላ ሰው አይደለም፤ የገዛ አፉ ነው። ቁልፌ አልከፍት አለኝ ብሎ ለመጣ ሁሉ «እስቲ ልየው» ይላል። እንደምን አደርክ ብሎ እጁን የዘረጋለትንም፣ እጁን ገልበጥ አድርጎ ሳያይ አይጨብጥም። ሚስቱ እንደምትናገረው፣ በተጋቡ ቀን ያጠለቀችለትን ቀለበት አውልቆ በጥርሱ ነክሶ አይቶታል። «እኔን አለመንከሱ!» ትላለች በሰው ፊት። እሱ ግን በዚህ አያፍርም። ቀለበቱ እስከ ዛሬ አልዛገም።

ለእሱ መጠርጠር ጠባይ ብቻ ሳይሆን እንጀራ ነበር። ሰው ሁሉ ቢተማመን ኖሮ ቁልፍ ሠሪ ምን ይበላ ነበር? «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት በሱቁ በር ላይ በነጭ ቀለም ጽፎ፣ ቀለሙ በደበዘዘ ቁጥር ያድሰዋል።

ነገሩ መነሻ አለው። ገና ጢም ሳያወጣ በአንድ ጋራዥ ተቀጥሮ ሳለ፣ አብሮት ይሠራ የነበረ አንድ ሳቂታ ብረት ቆራጭ ቤንዚን የነበረበትን በርሜል ለሁለት ሊከፍል እሳት አቀጣጠለ። ተው ቢሉት በርሜሉን በጡጫ ደለቀው። ድም አለ። «ባዶ ነው፤ አይሰማችሁም?» አለና ሳቀ። የበርሜሉ ክዳን ጣሪያውን በስቶ ወጣ። የሰውየው ዓይንና እጅ ከዚያ ቀን በኋላ ለሥራ አልሆኑም። ቁልፍ ሠሪውም ከዚያ ወዲህ «ባዶ» የምትለዋን ቃል ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። «የሞላ ነገር ምን እንደያዘ ይታወቃል፤ መፍራት ባዶውን ነው» ይል ነበር።

ሱቁ ከልብስ ሰፊው ሱቅ ጋር በአንድ የቆርቆሮ ግድግዳ የተያያዘች ጠባብ ክፍል ናት። ከፊት በር፣ ከኋላ ወደ ጓሮ መተላለፊያ የሚያይ ግድግዳ፤ በኋላው ግድግዳ ላይ ደግሞ ድሮ የውሃ ቱቦ ያልፍበት የነበረ፣ ጡጫ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። በሩን የሚዘጋው ሦስት ምላስ ያለው፣ ራሱ የሠራው ቁልፍ ነው። ከውስጥ ከተቆለፈ ከውጭ የሚከፍተው የለም። ከውጭ ሲቆለፍም መክፈቻው አንድ ብቻ ነው፤ እሱም በክር ታስሮ ከአንገቱ ተንጠልጥሏል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ለሰው ትርፍ መክፈቻ ሲቀርጽ ኖሮ ለራሱ በር አልቀረጸም።

«ብትወድቅስ? አንድ ነገር ብትሆንስ?» ትለዋለች ሚስቱ።

«መክፈቻ ሁለት ሲሆን ሌባም ሁለት ይሆናል።»

ያን ዓመት ብርዱ ለጉድ ነበር። ጠዋት ሞረዱን ሲያነሣ ብረቱ እንደ ፍም ይፋጅና ጣቱ ላይ ይጣበቃል። ለቁልፍ ሠሪ ደግሞ ጣት ማለት ዓይን ነው፤ የቁልፉን ሆድ የሚያየው በጣቱ ነው። አንድ ቀን የአንዲት አሮጊት ሳጥን መክፈቻ ሲቀርጽ ጣቶቹ አልታዘዝ አሉትና አንዱን ጥርስ ሁለት ጊዜ ሞረደው። መክፈቻው ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ ተሰበረ። አሮጊቷ አልተቆጡም፤ ያሳፈረውም ይኸው ነው።

«አይ ልጄ፣ አንተም አረጀህ» አሉና ትከሻውን መታ መታ አድርገው፣ ሳጥናቸውን ጥግ ላይ ትተውለት ሄዱ።

ያን ማታ ሚስቱ እጁን በሞቀ ውሃ እየዘፈዘፈችለት፣ «በቃ ዝጋውና ቤት ተቀመጥ» አለችው።

«ቤት የሚቀመጥ ዕቃ ነው።»

«መክፈቻ የሚሰብርስ ምንድን ነው?»

እጁን ከውሃው አወጣ። ብርዱ ገና ይብሳል፤ ጣቶቹ ካልተፍታቱ ሱቁ እንደሚዘጋ እሱም ያውቃል። ከተዘጋ ደግሞ ማን እንደሚገባበት ጠርጥሯል። የሚስቱ ታናሽ ወንድም ቁርጥራጭ ብረቱን የሚያከማችበት ቦታ ካጣ ሰነበተ።

ይህ ሰው በጋሪ እየዞረ ውዳቂ ብረት የሚሰበስብ ነው። ለእሱም ሰፈሩ ስም አውጥቶለታል፦ «ችግር የለም»። የጋሪው ጎማ ቢፈነዳ ችግር የለም፤ ዝናብ እስከ አጥንቱ ቢያርሰው ችግር የለም። ቁልፍ ሠሪው ግን በዚህ ስም አይጠራውም። «ውታፍ ነቃይ» ይለዋል፤ በሰው ነገር እየገባ የሚፈተፍት፣ ለቁም ነገር የማይሆን ሰው ማለቱ ነው። በፊቱ አይለውም፤ ለሚስቱ ነው የሚለው። «ያ ውታፍ ነቃይ ወንድምሽ ዛሬም መሳቢያዬን ሲከፍት ሲዘጋ ዋለ» ይላታል። እሷም ወንድሟ ነውና ምላሷን ትነክሳለች።

የአሮጊቷ መክፈቻ በተሰበረ በሦስተኛው ቀን ይኸው ሰው ጋሪውን እየገፋ ሱቁ በር ላይ ቆመ። ጋሪው ላይ ቁመቱ እስከ ወገብ የሚደርስ፣ ድፍን ሆድ ያለው የብረት ታንከር ተጋድሟል።

«ጋሼ፣ ምድጃ አመጣሁልዎ!»

«ይሄ ምድጃ ነው?»

«አሁንማ ታንከር ነው። የእርስዎ እጅ ሲነካው ምድጃ ይሆናል። በር ያወጡለታል፣ ቱቦ ይተክሉበታል፣ ቁጭ ብለው ይሞቃሉ።»

ቁልፍ ሠሪው ታንከሩን አንዴ ዞረው። «ከየት አመጣኸው?»

«ከፈረሰ ፋብሪካ።»

«እንዲህ ያለ ወፍራም ብረት ሸጠህ መብላት ስትችል ለእኔ ለምን?»

«እህቴ እጅዎ እንደታመመ ነገረችኝ።»

በልቡ፣ «አሃ፣ ነገሩ ከቤት ተመክሮበታል» አለ። ጮክ ብሎ ግን፣ «ምን ነበረበት?» ሲል ጠየቀ።

«ጋዝ።»

«የትኛው ጋዝ? ፋኖስ ውስጥ የሚጨመረው ነው ወይስ እያፏጨ የሚወጣው?»

«ኧረ ጋሼ! ጋዝ ጋዝ ነው። አሁን ደግሞ ባዶ ነው፤ ችግር የለም» አለና ታንከሩን በጡጫ ደለቀው። ድም አለ።

ቁልፍ ሠሪው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አፈገፈገ። ከስንት ዓመት በፊት የሰማት ድምፅ ናት። «ከጋሪው አውርደህ ጓሮ አቁምልኝ፤ እሳት ይዞ የሚጠጋውን ግን እግሩን እሰብራለሁ» አለ። የሚስቱ ወንድም ራሱን እየነቀነቀ አወረደው።

ቁልፍ ሠሪው የታንከሩ አፍ ላይ ያለውን ብሎን ቀስ ብሎ በእጁ ፈታና አፍንጫውን አስጠጋ። ምንም አይሸትም። ይህ ደግሞ የባሰ አጠራጠረው። ውሃ በባልዲ እያመላለሰ እስከ አፉ ሞላው። ሦስት ቀን አቆየው። ደፋው፣ እንደገና ሞላው፣ እንደገና ሦስት ቀን። ልብስ ሰፊው ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ በጓሮ በሩ ብቅ ይልና ያየዋል።

«ምነው፣ ልትድረው ነው እንዴ እንዲህ የምታጥበው?»

«እያየሁት ነው።»

«ስድስት ቀን ሙሉ! ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር ሲባል ሰምተህ ውሃ ውስጥም ስንጥር መፈለግ ጀመርክ?»

«ሳቅ፣ ሳቅ። እኔ የሳቀ ሰው አውቃለሁ።»

ሊቆርጠው የጀመረውም ውሃውን እንደሞላ ነው። እሳት የሚባል ነገር አላስጠጋም። በእጅ መሰርሰሪያ በሳ፤ ውሃው በቀዳዳው እየተንዠቀዠቀ ጫማውን ሞላው፤ ቀዳዳውን በእንጨት ወትፎ ሌላ በሳ። ቀዳዳዎቹን በብረት መጋዝና በመሮ እያገናኘ፣ ጣቶቹን በየመካከሉ በብብቱ እያሞቀ፣ በስምንተኛው ቀን በር የምታህል ብረት ከታንከሩ ሆድ ነቀለ። ውስጡን በአሸዋ ፈተገው። የውጭ ቀለሙን ደጅ፣ ነፋስ ላይ፣ ከሩቅ ቆሞ አነደደው። ከአሮጌ የብረት አልጋ ቆርጦ አራት እግር አቆመለት፤ ከፌሮ ብረት እንጨት የሚያርፍበት ወንፊት ሠራለት። በሩን በራሱ ማጠፊያ ሰቀለና ቁልፍ አበጀለት። አዎ፣ ምድጃውም ይቆለፋል።

ጭሱን የሚያወጣው ቱቦ በጣሪያው በኩል ወጣ። ቁልፍ ሠሪው በጣም የኮራው ግን በቱቦው ጉሮሮ ውስጥ በገባችው ክዳን ነው። ከውጭ እጀታዋን ሲያዞራት ቱቦውን ድርግም አድርጋ ትዘጋለች። እሳቱ ሲንቦገቦግ ይከፍታታል፤ ነበልባሉ በርዶ ፍም ብቻ ሲቀር ይዘጋታል። ሐሳቡን ለልብስ ሰፊው ሲያስረዳ እንዲህ አለ፦

«ጭሱ ካለቀ በኋላ በቱቦ የሚወጣው ምንድን ነው? ባዶ ሙቀት ነው። ሙቀቴ ሰማይ ቤት ምን ይሠራል?»

«ባዶ» የሚለውን ቃል ያን ዕለት ራሱ በአፉ ተናገረው፤ ጆሮው ግን አልቆመም።

የመጀመሪያው ቀን እሳት እንደ ሠርግ ነበር። የጣውላ ቁርጥራጭና ሰጋቱራ ከትቶ ለኮሰው፤ ታንከሩ እንደ ድመት እያንኮራፋ ሞቀ። ከሰዓት በኋላ ጣቶቹ አንድ በአንድ ተፍታቱ። የአሮጊቷን ሳጥን ከጥግ አነሣ፤ ስባሪውን በወስፌ አወጣ፤ አዲስ መክፈቻ ቀርጾ ሰደደው። ቀጭ! ሳጥኑ ተከፈተ። ብቻውን ነበርና ሳቀ። አሮጊቷ መጥተው ሲወስዱም፣ «አላረጀሁም» አላቸው። እሳቸውም፣ «እንግዲያው ጭራሽ ልጅ ሆነሃል» ብለው መረቁት።

አሁን የቀረው ሙቀቱን መጠበቅ ነው። የጣሪያውንና የኋላውን ግድግዳ ስንጥቅ በጭቃ መረገ፤ የበሩን ሥር በጆንያ ጠቀጠቀ፤ የኋላውን ቀዳዳ ከልብስ ሰፊው በለመነው እራፊ ወተፈ። ሱቁ እንደ ጠርሙስ ተከደነ።

በማግስቱ ለምሳ ሲነሣ ውታፉ በቦታው የለም። ወደ ጓሮ ቢዞር እራፊው መሬት ላይ ወድቋል።

«ነፋስ ይሆናል» አለና ጠበቅ አድርጎ መለሰው። በሦስተኛው ቀን እንደገና ተነቅሏል። ነፋስ እንዲህ አይደለም፤ ነፋስ ጨርቅ አጥፎ አያስቀምጥም። እራፊው እንደ መሐረብ ታጥፎ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል።

ከዚያ ወዲያ ሰላም አጣ። መጀመሪያ የጠረጠረው ልብስ ሰፊውን ነው። የጓሮ በሩ ለቀዳዳው ቅርብ ነው፤ የአክስቱ ልጅ ደግሞ በያጅ ነው። የምድጃዬን አሠራር በቀዳዳው እያየ ለዘመዱ ሊነግር ነው፤ ነገ በየሱቁ ክዳን ያለው ምድጃ ይተክላሉ። ወይም ደግሞ ሙቀቴን እየሰረቀ ነው። ሙቀት እንዴት እንደሚሰረቅ ለራሱም በደንብ አልገባውም፤ ሰውየው ግን አንድ ቀን፣ «ግድግዳህ ላይ ተደግፌ ወገቤ ዳነ፤ እግዜር ይስጥህ» ብሎት ነበር። ያለ ምክንያት የሚያመሰግን ሰው አለ?

በዚያው ሰሞን ራሱን ያመው ጀመር። እኩለ ቀን ሲቃረብ ግንባሩን አንድ ነገር ጭምቅ ያደርገዋል፤ ሆዱ ይታወካል፤ ወጥቶ ሲናፈስ ይተወዋል። ይህንንም ለማንም አልተናገረም። ሚስቱ ከሰማች «ዝጋው» ትላለች፤ ሱቁን ደግሞ ለማንም አይሰጥም።

አንድ ቀን የሚስቱ ወንድም ገብቶ ምድጃውን ዞር ዞር ብሎ አየና የቱቦውን እጀታ ነካ።

«ጋሼ፣ ይህቺን ለምን ይዘጓታል?»

«እጅህን አንሣ። ፍሙ እንዳይሸሸኝ ነው።»

«ባይዘጉት አይሻልም? ፍም ክፉ ነው። ራስዎን አያምዎትም?»

ቁልፍ ሠሪው ሞረዱን አስቀመጠ። ለማንም ያልነገረውን ይህ ሰው ከየት አወቀ? ታንከሩን ያመጣው እሱ፤ ምን እንደነበረበት በደንብ ያልተናገረው እሱ፤ አሁን የራስ ምታቱን የሚያውቀውም እሱ።

«ደህና ነኝ። እንዳንተ ያለ ካልመጣብኝ ምንም አያመኝም።»

«እሺ ጋሼ። ችግር የለም» አለና ወጣ። ሲወጣ ግን ዓይኑ የኋላው ቀዳዳ ላይ አረፍ ብላ እንደ ተነሣች ቁልፍ ሠሪው አይቷል።

ያን ማታ ወደ ቤቱ ሲደርስ እህትና ወንድም አጥሩ ሥር ተጠጋግተው ያንሾካሹካሉ። ሲያዩት ጸጥ አሉ። ሚስቱ ስለ ሽንኩርት ማውራት ጀመረች። ሽንኩርት በሹክሹክታ አይወራም።

ቁልፍ ሠሪ ነውና ወጥመድ ያውቃል። በማግስቱ ጥላሸትን ከግሪስ ጋር ለውሶ የውታፉን ውጫዊ ጫፍ ቀባ፤ ከነካው ሰው እጅ ቶሎ አይለቅም። ለምሳ ሲወጣ ውታፉ እንደ ልማዱ ተነቅሎ ታጥፏል። በቀጥታ ልብስ ሰፊው ዘንድ ገባ።

«እጅህን አሳየኝ።»

«ምን?»

«እጅህን። እስቲ ልየው።»

ልብስ ሰፊው ሁለቱንም እጁን ዘረጋ። የጠመኔ ብናኝ ካልሆነ በስተቀር ንጹሕ ነው። «መዳፍ ማንበብም ጀመርክ? በል ዕድሜዬን ንገረኝ» ብሎ ሳቀበት።

ማታ የሚስቱ ወንድም ቤት መጣ። ቁልፍ ሠሪው አጠገቡ ተቀምጦ እጁን ሰረቅ አድርጎ አየ። ጥቁር ነው፤ እስከ ክንዱ። ልቡ ዘለለ። ግን ወዲያው ተመልሶ ወደቀ። ውዳቂ ብረት የሚሰበስብ ሰው እጁ መቼ ነጭ ሆኖ ያውቃል? ሠላሳ ዓመት ሌባ ሲያሸንፍ የኖረ ሰው፣ ጥቁርን በጥቁር ሊይዝ ሞክሮ ራሱን ታዘበው።

«እንግዲህ በዓይኔ አየዋለሁ» አለ።

በነጋታው መዳፍ የምታህል ብረት ቆርጦ፣ በውታፉ ፈንታ ቀዳዳው ላይ ከውስጥ በአራት ብሎን አሰራት። አሁን የሚነቀል ነገር የለም፤ ሊነቅል የመጣው ይቧጥጣል፤ ሲቧጥጥ በግድግዳው ሥር ይሰማዋል፤ በኋላው ግድግዳ ስንጥቅ ያየዋል። የስንጥቁንም ጭቃ ለዚሁ ሲል አሳስቶታል፤ ሲፈልግ በጥፍሩ ይጭረዋል። እሳቱን አንድዶ ነበልባሉ እስኪበርድ ጠበቀ። የቱቦውን ክዳን ዘጋ። ሰው የለም እንዲመስል የፊቱን በር ከውስጥ በሦስቱም ምላስ ቆለፈ። መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ በግድግዳው ሥር ተቀመጠና ጆሮውን ለጠፈ።

ዝም ብሎ መቀመጥ እንዲህ የሚጥም መሆኑን አያውቅም ነበር። ሙቀቱ እንደ ጋቢ ተጠመጠመበት። የልብስ ሰፊው መኪና ከግድግዳው ወዲያ ትርርር ትላለች። ራሱን ያመው ጀመር፤ ኋላ ግን ሕመሙም ራቀ፤ የሌላ ሰው ራስ የሚያም ይመስል። ምን እየጠበቀ እንደሆነ ለአፍታ ጠፋው። ከዚያ የጋሪ ጎማ ድምፅ ሰማ። እግር ቆመ። እጅ ቀዳዳውን ዳበሰ። ብረቷ ተቧጠጠች።

«ያዝኩህ!» ሊል አፉን ከፈተ። ድምፅ አልወጣም። ሊነሣ ፈለገ፤ እግሮቹ የሱ አልነበሩም። መዶሻው ከጭኑ ተንሸራትቶ ሲወድቅ ሰማ።

ከውጭ ያለው ሰውም ሰማ።

«ጋሼ?» ዝምታ። «ጋሼ! እዚያ ነዎት?» ግድግዳው ተደበደበ። እግር እየሮጠ ወደ ፊት ዞረ፤ በሩ ተናጠ፤ ሦስቱ ምላሶች እንደ ተሠሩት ጸኑ። ከዚያም በሰፈሩ ተሰምቶ የማያውቅ ቃል ተሰማ። ልብስ ሰፊው እስከ ዛሬ ሲያወራው ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ያ ሰው በሩን በእርግጫ እየመታ፣ «ችግር አለ! ኧረ ችግር አለ! ድረሱ!» እያለ ጮኸ።

«በሩን ተወው፤ እሱ የሠራውን ማንም አይከፍተውም!» አለ ልብስ ሰፊው። «ና በኔ በኩል!»

የቆርቆሮው ግድግዳ የተመታው ከልብስ ሰፊው ወገን ነበር። የሚስቱ ወንድም የብረት መፈንቅያውን ከጋሪው አንሥቶ ገባ፤ ሁለት ቆርቆሮ ከነምስማሩ ገንጥሎ ጣለ። ትንፋሹን ይዞ ዘለቀና ቁልፍ ሠሪውን በብብቱ ጎትቶ አወጣው። በልብስ ሰፊው ሱቅ ከተሰቀሉት ኮቶች ሁለቱን አስከትለው ጓሮ ወደቁ።

ቁልፍ ሠሪው ብርዱ ፊቱን በጥፊ ሲመታው ነቃ። አስታወከ። ሰማዩ ዞረበት፤ ቆየና ቆመለት። ሚስቱ ተጠርታ ደርሳ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋለች፤ በአንድ እጇ እንባዋን በሌላው ላቡን ትጠርጋለች። ከፊቱ ያ ሰው ተንበርክኳል፤ እጁ ጥቁር ነው፤ ፊቱ ግን እንደ ጠመኔ ነጥቷል።

ከቁልፍ ሠሪው አፍ የወጣው የመጀመሪያው ቃል፣ «ምን ነበረበት?» የሚል ነው።

«ታንከሩ? ታንከሩ ንጹሕ ነው ጋሼ። እርስዎ ያጠቡትን ማን ያቆሽሸዋል? ፍሙ ነው። ጭስ የለውም፣ ሽታ የለውም፣ አይታይም። ጋራዥ ውስጥ ከሰል ይዘው በር ዘግተው የተኙ ሁለት ሰዎች ተሸክሜ አውጥቻለሁ። አንዳቸውም አልነቁም።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

ሚስቱ ቀደመችው። «ነገረህ እኮ! ክዳኑን ተወው አለህ፣ ራስህን አያምህም ወይ አለህ። ምን አልከው? ለኔም ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ፣ ‘ብትነግረው ምን ፈልጎ ነው ይላል፤ ዝም ብለህ ውታፉን ንቀልለት’ ያልኩት። ያንተን ነገር አውቃለሁ። አንድ ቀን እንኳ ብታምነው ኖሮ...» አለችና ሳትጨርሰው ቀረች።

«ታዲያ ለምን ታጥፈዋለህ?» አለ ቁልፍ ሠሪው ወደ ወንድሟ ዞሮ። አሁንም አልገባውም ነበር።

«የሰው ጨርቅ ነዋ፣ ጋሼ። መሬት ላይ ይጣላል?»

ቁልፍ ሠሪው ዓይኑን ጨፈነ። ባዶ ነው ያለውን ፍም አሰበ። ስድስት ቀን ታንከር በውሃ ሲያጥብ የከረመ ሰው፣ የራሱን አየር አንድ ጊዜ እንኳ «እስቲ ልየው» አላለውም። ሌላውን ሁሉ ሲጠረጥር የገዛ ብልሃቱን አልጠረጠረም።

«ውታፍ ነቃይ ስልህ ኖሬ...» አለ ቀስ ብሎ።

«ሰምቻለሁ» አለ የሚስቱ ወንድም።

«ማን ነገረህ?»

«የእርስዎ ሹክሹክታ ከጋሪዬ ድምፅ ይበልጣል፣ ጋሼ።»

ልብስ ሰፊው በሳቅ ፈነዳ፤ ሚስቱም እያለቀሰች ሳቀች።

ከሳምንት በኋላ ምድጃው እንደገና ነደደ። ክዳኗ ከቱቦው ጉሮሮ ወጥታለች። ብረቷም ከቀዳዳው ወልቃ፣ በቦታው ወንፊት ገብቷል፤ ማንም አይወትፈውም። ከጣሪያው ሥር ሁለተኛ ቀዳዳ ተከፍቷል። ሱቁ እንደ በፊቱ አይሞቅም፤ ጣት ለማፍታታት ግን ይበቃል። ቁልፍ ሠሪው የበሩን ቁልፍ ፈትቶ ሆዱን ለወጠው፤ አሁን ከውስጥ ቢቆለፍም ከውጭ ይከፈታል። መክፈቻ ላለው ሰው።

የሚስቱ ወንድም ጋሪውን እየገፋ ሲያልፍ ጠራው።

«ና። እንካ፣ የበሩ ነው» አለና አንድ አዲስ መክፈቻ መዳፉ ላይ አኖረለት። የገዛ በሩን መክፈቻ ለሰው ሲሰጥ የመጀመሪያው ነበር። ፊቱን ወደ ምድጃው አዙሮ እንጨት የሚያስተካክል መሰለ።

የሚስቱ ወንድም መክፈቻውን ገልብጦ አየው። ወጣ፤ በሩን ከውጭ ዘጋ። መክፈቻው ገባ፤ ዞረ፤ ግማሽ ላይ ቆመ። እንደገና ሞከረ፤ ቆመ።

«ጋሼ» አለ ከበሩ ወዲያ። «ችግር አለ።»

ውስጥ እንጨት ሲወድቅ ተሰማ። ኋላ ቁልፍ ሠሪው ተነሥቶ በሩን ከፈተ። ጆሮው ቀልቷል። እጁን ወደ ሌላው ኪሱ ሰደደና ሁለተኛ መክፈቻ አወጣ።

«ያኛው... አንድ ጥርስ አስቀርቼበት ነበር» አለ። «ይኼኛው ነው።»